የታይሚንግ ቺንጋ ወጣሪ በቆዩ የመኪና ሞተሮች

የታይሚንግ ቺንጋ ወጣሪ፣ በጋራዥ አጠራር ቴንሽነር፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያገናኘው ጥርሳም ቺንጋ ላልቶ ጥርስ እንዳይዘል ተጭኖ የሚይዝ ፑሌጃ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ 2 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው 1 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ልክ ከተዛባ ቫልቮች ያለጊዜያቸው ይከፈታሉ፤ ፒስተንና ቫልቭ በአንድ ቦታ በሚፈራረቁባቸው ሞተሮች ላይ ቺንጋው ቢበጠስ ደግሞ ቫልቮቹ ይጣመማሉ።

ጥርሳም የጎማ ቺንጋ በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ በወጣው በጀርመኑ ግላስ 1004 ነው።

ክራንክሻፍቱ ወደ ራሱ የሚስበው የቺንጋው ወገን ምንጊዜም የተወጠረ ስለሆነ፣ ወጣሪው የሚቀመጠው ከክራንክሻፍቱ በሚወጣው ልል ወገን ላይ ነው። በቆዩ ሞተሮች ዘንድ እጅግ የተለመደው ባለ ሞላው ዓይነት ሲሆን፣ ቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። በክራንክሻፍቱና በካምሻፍቱ ፑሌጃዎች ላይ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች ከተገጣጠሙ በኋላ የወጣሪው ቡሎን ይላላል፤ ሞላው ፑሌጃውን ወደ ቺንጋው ይገፋዋል፤ ክራንክሻፍቱም በመደበኛ አዟዟሩ 2 ዙር በእጅ ይዞራል። በዚህ ጊዜ የቫልቭ ሞላዎች ካምሻፍቱን አንዴ እየተቃወሙ አንዴ እየገፉ ስለሚያዞሩት፣ የቺንጋው ጥርሶች በቦታቸው ይቀመጣሉ። በበርካታ የቆዩ የሆንዳ ሞተሮች ግን በመጨረሻ ክራንክሻፍቱ ካምሻፍቱን 3 ጥርስ ያህል እስኪያስኬደው ድረስ ዞሮ ቡሎኑ ይጠብቃል። ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ሞላው ሥራውን ጨርሷል፤ ውጥረቱን የሚጠብቀው ቡሎኑ ብቻ በመሆኑ፣ ሞላው በኋላ የሚላላውን ቺንጋ ያጠብቃል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

የውጥረቱ ልክ መወሰድ ያለበት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲሞቅ ስለሚሰፋ በክራንክሻፍቱና በካምሻፍቱ መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል፤ ቺንጋውም የበለጠ ይወጠራል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፣ የወጣሪውንና የውኃ ፓምፑን ኩሽኔታም ይጎዳል። ረጅሙን ክፍል በሁለት ጣት ይዞ 90 ዲግሪ ያህል መጠምዘዝ የሚለው የእጅ ልኬት በቂ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ይሁንና ለለመደ እጅ ታማኝ መለኪያ ነው።

በአንዳንድ የኦፔል ሞተሮች የውኃ ፓምፑ ራሱ ከመሐሉ ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ ሲገጠም አካሉ በቦታው ላይ ሲዞር ቺንጋውን ይወጥራል። እንደ ሚትሱቢሺ 4ጂ63 ባሉት ደግሞ በዘይት የተሞላ ወጣሪ ይሠራል፤ ከመገጠሙ በፊት ዘንጉ በሞርሳ ቀስ ተብሎ ይገፋና በቀጭን ፒን ይያዛል፤ ፒኑ የሚነቀለው ቺንጋው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው።