ዕቃው ላይ ያልተጻፈው ቁጥር፦ «ኤችቲኤችኤስ» ምንድን ነው?

መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ከፈቱና አንድ ጠብታ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹ። ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው አላቀቁና ክሩ የት ድረስ እንደሚሳብ አዩ። ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው» አሉኝ። «እንዳንተ ነዳጅ ለሚረግጥ ሰው 20-50 ነው የሚያዋጣው። ወፍራም ዘይት ሞተር ያቆያል።»

መኪናዬ የፎልክስቫገን ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ባለ ሁለት ሊትር፣ ቱርቦ ያላት። ይዤ የሄድኩት 5ደብሊው-40 ሲንተቲክ ዘይት ነበር። «ጋሼ፣ መጽሐፏ የሚለው ይሄን ነው» ብላቸው ሳቁብኝ። «መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አዲስ አበባ ነድተው ያውቃሉ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ስህተቱ ያለው ጣታቸው ላይ ነው። የሰው ጣት ሠላሳ ምናምን ዲግሪ ነው። ዘይት ሞተር ውስጥ የምሩን የሚፈተነው ግን 150 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት፣ ከፀጉር በቀጠነች ክፍተት ውስጥ እየተጨፈለቀ ነው። እዚያ ላይ የሚቀረውን ውፍረት የሚለካው ቁጥር ኤችቲኤችኤስ ይባላል፤ «ከፍተኛ ሙቀት፣ ከፍተኛ ጉተታ» የሚለው እንግሊዝኛ ሲያጥር ነው። ለፈጣን መኪና ዘይት ስትመርጡ ከምንም በፊት ማወቅ ያለባችሁ እሱን ነው። የሚገርመው፣ ዕቃው ላይ አይጻፍም።

መጀመሪያ የሚጻፉትን እንጨርስ።

5ደብሊው-40 የሚለው አጻጻፍ የአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስኤኢ፣ ያወጣው ምደባ ነው። «ደብሊው»ን ብዙ ሰው የክብደት ምልክት ያደርገዋል። አይደለም፣ ክረምት ማለት ነው። የፈረንጅ ክረምት፣ በረዶው፣ የእኛ ዝናብ አይደለም። ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሳ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይናገራል። 0ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ነው። 5ደብሊው ከዜሮ በታች 30፣ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። አዲስ አበባ ውስጥ ከዜሮ በታች 15 ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ስለዚህ በ0ደብሊውና በ5ደብሊው መሃል እዚህ ብዙም አልጨነቅም።

20ደብሊው ጋ ሲደርስ ግን፣ ማለትም ጋሼ «20-50» ያሉት ጋ፣ እቆማለሁ። ሞተሩ ይነሳል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። የዛሬ ሞተሮች ዘይትን እንደ እጅ ይጠቀሙበታል። የሰንሰለት መወጠሪያውን የሚገፋው ዘይት ነው። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚቀያይረውም በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ዘይት ነው። በኅዳር ጠዋት ወፍራም ዘይት እነዚህ ቀዳዳዎች ጋ እስኪደርስ ሞተሩ ያንኳኳል። አንድ ጊዜ በሌላ መኪና ሞክሬው ጎረቤት ቀስቅሻለሁ።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ሞተር ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ፣ የሚለካ ነው። መለኪያው ሴንቲስቶክ ይባላል። ከ9.3 እስከ 12.5 የሚደርስ ዘይት 30 ይባላል። ከ12.5 እስከ 16.3 ያለው 40፣ ከ16.3 እስከ 21.9 ያለው 50 ነው። እንዴት እንደሚለካ ልብ በሉ። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በገዛ ክብደቱ ሲወርድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይታያል። ማንም አይገፋው፣ ማንም አይጨፈልቀው። እረፍት ላይ ያለ ዘይት ነው። ልክ ሰውን ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይተህ ስንት ኩንታል እንደሚሸከም እንደመገመት ነው።

ሥራ ላይ ያለው ዘይት ሌላ ነው። ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ እና እሱን አቅፎ የሚይዘው ብሮንዚን በደህና ቀን አይነካኩም። መሃላቸው የዘይት ስስ ሽፋን አለ፣ ዘንጉ እሱ ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩ በደቂቃ 7 ሺህ ዙር ሲገባ ያ ሽፋን በአንድ በኩል የቆመ፣ በሌላ በኩል የሚበር ብረት መሃል ተይዞ ይጎተታል። ከላይ ደግሞ ፍንዳታው በፒስተኑ በኩል ይጫነዋል። ኤችቲኤችኤስ ይህንን ይመስላል፦ 150 ዲግሪ ሙቀት፣ ከዚያ ከባድ ጉተታ፣ ከዚያ «አሁን ስንት ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ።

ለምን ይቀንሳል? ከባለ ሁለት ቁጥር ዘይቶች አብዛኞቹ ውስጥ ረጃጅም የፖሊመር ሞለኪውሎች ስላሉ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ልቃቂት ይጠቀለላሉ፣ ቦታ አይዙም። ሲሞቅ ይፈታሉና ዘይቱ እንዳይቀጥን ይይዙታል። ብልሃቱ ግሩም ነው። ግን ጠባብ ቦታ ላይ በኃይል ሲጎተቱ እነዚያ ክሮች በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፣ ውፍረቱም ለጊዜው ይወርዳል። በጊዜ ብዛት ደግሞ ይበጣጠሳሉ፤ ያኔ የወረደው አይመለስም። ጥሩ ሲንተቲክ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ መነሻ ዘይቱ ራሱ ሙቀት ስለሚችል ብዙ ክር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መለኪያው ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው፣ ስሙን እርሱት። ባለ 20 ዘይት ቢያንስ 2.6 ማምጣት አለበት። ባለ 30 ቢያንስ 2.9፣ 5ደብሊው-40 ቢያንስ 3.5፣ ባለ 50 ቢያንስ 3.7። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም 5ደብሊው-30 ተብለው፣ አንዱ 3.0 ሌላው 3.5 ሊሆን ይችላል። ከፊት ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ብሮንዚኑ ግን ይለያቸዋል።

እንዴት ታውቃላችሁ? ዕቃውን አዙሩትና ከኋላ ያለውን ትንንሽ ጽሑፍ አንብቡ። የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር፣ ኤሲኢኤ፣ ያወጣው ኤ3/ቢ4 ወይም ሲ3 የሚል ካለ ኤችቲኤችኤሱ ከ3.5 አይወርድም። ኤ5/ቢ5 ወይም ሲ2 ከሆነ ከ2.9 ጀምሮ ነው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ የታሰበ። ከዚህ የሚበልጠው የመኪናው አምራች ራሱ ያጸደቀው ኮድ ነው። ለፖርሼ ኤ40፣ ለመርሴዲስ 229.5፣ ለቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-01፣ ለእኔዋ ፎልክስቫገን ደግሞ 502 00። አራቱም 3.5 እና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ናቸው። «ለእነዚህ መኪኖች ይመከራል» የሚል ጽሑፍና «ጸድቋል» የሚል ጽሑፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሻጩ ቃል ነው፣ ሁለተኛው የአምራቹ።

«እንግዲያው ወፍራም ይሁንና እንገላገል» የሚል አይጠፋም። የእኔ መካኒክ ክርክርም ይኸው ነበር። ነገሩ ግን ብሮንዚን የሚቀዘቅዘው በላዩ በሚያልፈው ዘይት ነው። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ትንሽ ያልፋል፣ ራሱም በመጎተቱ ይሞቃል። የዘይት ግፊት ጌጁ ከፍ ብሎ ሲታይ ደስ ይላል። ግፊት ግን ዘይቱ ለማለፍ ምን ያህል እንደተቸገረ ነው የሚናገረው፣ ምን ያህል እንዳለፈ አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣችው የቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3፣ 3.2 ሊትር ሞተሯ 343 ፈረስ ጉልበት ነበረው፣ እስከ 8 ሺህ ዙር ይወጣል። የተመደበላት ዘይት 10ደብሊው-60 ነው። አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላት እህቷ 330አይ ግን በሎንግላይፍ-01 5ደብሊው-30 ትሄዳለች። ያቺ ኤም3 በብሮንዚኖቿ ስሟ የሚነሳ ናት፤ ቢኤምደብሊው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መኪኖች ጠርቶ ብሮንዚን ቀይሮላቸዋል። ቅርፅ አይታችሁ የአንዷን ዘይት ለሌላዋ ብትሰጡ ሁለቱንም በድላችኋል።

የፎርዱ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የ2012 ሙስታንግ ጂቲ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ነው፣ ፋብሪካው 5ደብሊው-20 ይሰጠዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ቦስ 302 የዚያው ሞተር ወንድም ሲሆን ለውድድር ሜዳ ስለተሠራ 5ደብሊው-50 ነው የታዘዘለት። ሞተሩ ቅርብ ዘመድ፣ ዘይቱ ግን ሩቅ። የለየው የሚጠበቀው ሙቀትና ዙር ነው። በሌላ በኩል የቶዮታ ጂአር ያሪስን ተመልከቱ። ከ1.6 ሊትር፣ ከሦስት ሲሊንደር ከ250 ፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል፣ የታዘዘለት ግን ቀጭኑ 0ደብሊው-20 ነው። ክፍተቱም ፓምፑም ለዚያ ተብሎ ተሠርቷል። «ፈጣን መኪና ወፍራም ዘይት ይፈልጋል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። መጽሐፉን የጻፉት እዚህ ነድተዋል?

አልነዱም። ግን ነጥቡ እሳቸው ካሰቡት ለየት ይላል። በብርዱ በኩል ቀሎልናል፣ ስለዚህ ያለ ጭንቀት ከ0ደብሊው ወደ 5ደብሊው መሄድ ይቻላል። በሙቀቱ በኩል ግን አልቀለለንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተሽከርካሪ፣ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚዞር ዘንግ በዘይት ሽፋን ላይ ቆሞ ማለት ነው። ከዚያ የመገናኛ ሰልፍ አለ፤ ሞተሩ ሰዓታት ይሠራል፣ ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ በቆላ ሙቀት። የውድድር ሜዳ የለንም አትበሉ፣ ለዘይት ያ ሜዳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ መጽሐፍና የዐረብ አገር መጽሐፍ ለአንድ ሞተር የተለያየ ዘይት ሊያዝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አምራቾችን ወደ ቀጭን ዘይት ይገፋል። መኪናችሁ ከዚያ መጥታ 5ደብሊው-20 ብቻ የሚል መጽሐፍ ከያዘች፣ ያው ሞተር በሌላ አገር ምን እንደሚታዘዝለት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ አማራጭ ተፈቅዶ ታገኛላችሁ። አንድ ደረጃ እንጂ ሦስት አይደለም።

ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ትንሽ ቱርቦ ሞተር ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ኤፒአይ፣ የሚለውን ክብ ምልክት እዩ። በዝቅተኛ ዙር በኃይል ሲረገጥ ድብልቁ ሻማው ሳይተኩስ ራሱ የሚቀጣጠልበት በሽታ አለ፣ ፒስተን ይሰብራል። ከቀስቃሾቹ አንዱ ዘይት ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤስፒ ደረጃ ይህን ፈተና ያለፈ ነው። ኤስኤል ወይም ኤስኤም የሚል አሮጌ ደረጃ በርካሽ ቢሰጧችሁ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር አትውሰዱ። «ሬሲንግ» የተባለውንም ለዕለት መንገድ አልመክርም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ውድድር ቀን ተደፍቶ እንዲጣል የታሰበ ነው፣ ማጽጃው ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው ውስጥ ያለው የተጻፈው ዘይት ከሆነ ነው። እኔ ባዶውን ዕቃ ለቆራሌ ከመስጠቴ በፊት ጎኑን በቢላ እበሳዋለሁ፣ ክዳኑንም ለብቻው እጥላለሁ። ንጹሕ ዕቃ ከነክዳኑ ከወጣ ማን ምን እንደሚሞላበት አይታወቅም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን ሞተር ማቆየት ግድ ነው።

ጋሼ የዚያን ቀን እያጉረመረሙ የእኔን ዘይት ቀዱልኝ። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ስመለስ የወጣውን ዘይት እንደ ልማዳቸው አሹት። «ጠቁሯል» አሉ። ጥቀርሻውን ይዞ ስለወጣ ነው፣ ማጽጃው ሥራውን ሠርቷል አልኳቸው። ዝም አሉ። ፊልትሮውን አጥብቀው እጃቸውን ከጠረጉ በኋላ አዲሱን ዕቃ አነሡና አዙረው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ 229.5 የሚለው የማን ነው?»

«የመርሴዲስ ነው፣ ጋሼ።»

ወደ ግቢው ጥግ አዩ። ቦኔቷ የተከፈተ ጥቁር መርሴዲስ ቆማለች። አጠገቧ ያልተከፈተ 20-50 ተቀምጧል።

«አንተ ልጅ» ብለው ረዳታቸውን ጠሩ፣ «ያንን ቆይ እንዳትቀዳው።»