የሰው አካል እንቅስቃሴ በስፖርት፦ ከጀርባው ያሉት የፊዚክስ ሕጎች

ባዮሜካኒክስ የሕያዋንን አካል እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕጎች የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጥንትን እንደ መፈንቀያ፣ ጡንቻን እንደ ጎታች ገመድ ቆጥሮ ስሌት በመሥራቱ ከዘርፉ ቀደምት መሥራቾች አንዱ ተደርጎ ይታያል፤ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተማቸው ሦስቱ የእንቅስቃሴ ሕጎች ደግሞ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ናቸው። ከእነዚህ ሕጎች የሚመነጨውና ስፖርትን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀድመው ነጥብ፣ አንድ አካል በውስጡ ባሉ ጉልበቶች ብቻ ራሱን ከቦታው ሊያንቀሳቅስ አለመቻሉ ነው። ጡንቻ አጥንትን ወደ አጥንት ይስባል እንጂ በራሱ ሰውን ወደ ፊት አይወስድም፤ ሰው የሚጓዘው መሬትን ወይም ውኃን ገፍቶ፣ የገፋው ነገር መልሶ ሲገፋው ነው።

ይህ በአጭር ርቀት ሩጫ ጎልቶ ይታያል። ሯጩ ከመነሻው ሲስፈነጠር ሰውነቱን ወደ ፊት አዘንብሎ መሬቱን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም ያንኑ ያህል ጉልበት ወደ ላይና ወደ ፊት ይመልስለታል። በጫማውና በመሮጫው መካከል ሰበቃ ባይኖር እግሩ ወደ ኋላ ይንሸራተት፣ ሯጩም እዚያው ይቀር ነበር። ሙሉ ፍጥነት ላይ ከተደረሰ በኋላ ግን ዋናው ሥራ ይለወጣል። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ12 ሜትር በላይ ነበር፤ በዚህ ዓይነት ፍጥነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከ0.1 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ሯጩ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ለቀጣዩ እርምጃ አየር ላይ የሚያቆየውን ግፊት ሁሉ ማግኘት ስላለበት፣ መሬቱን ከክብደቱ ከ3 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ይመታል። ፈጣኑን ከዘገምተኛው በዋናነት የሚለየው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው እግርን አየር ላይ ቶሎ ማወናጨፍ ሳይሆን፣ በአጭር ንክኪ መሬቱን አብዝቶ መጫን መቻል ነው። የተረከዝ ጅማትም በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ሲመለስ የጡንቻውን ድካም በከፊል ይቀንሳል።

የእጅና የእግር አወቃቀር ሲመረመር መጀመሪያ ላይ ብክነት የሚመስል ነገር ይታያል። ክንዱን በክርኑ ላይ አጥፎ 10 ኪሎ ግራም የያዘን ሰው እንውሰድ። ክብደቱ ያለው ከክርኑ መገጣጠሚያ 35 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ክርኑን የሚያጥፈው የላይኛው ክንድ ጡንቻ ግን ከመገጣጠሚያው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢያያዝ፣ ጡንቻው የክብደቱን 7 እጥፍ መሳብ ይኖርበታል፤ ይህም የክንዱን የራሱን ክብደት ሳይጨምር ነው። ድንጋይ ለመፈንቀል ረጅም ብረት የሚጠቀም ሰው ከዚህ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በትንሽ ጉልበት ብዙ ክብደት ያነሳል። ሆኖም ጡንቻው 1 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር መዳፉ 7 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በጉልበት የጠፋው በፍጥነት ይካሳል። የጦር ውርወራና የኳስ ምት ያን ያህል ፈጣን ሊሆኑ የቻሉት በዚህ ልውውጥ ነው።

አካል ከመሬት ከተነሳ በኋላ የሚገፋው ነገር ስለማይኖረው፣ የአየር መከላከልን ወደ ጎን ብንተው፣ የስበት ማዕከሉ (ክብደቱ ሁሉ እዚያ እንደተሰበሰበ የሚቆጠርበት ነጥብ) የሚሄድበት መንገድ በመነሻው ፍጥነትና አቅጣጫ አስቀድሞ ተወስኗል። የርዝመት ዘላይ አየር ላይ እግሩን እንደ ተራማጅ ማፈራረቁ አንዲት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አይገፋውም፤ የሚጠቅመው ሰውነቱ በአፍ ጢሙ እንዳይደፋና እግሩን ለማረፍ እንዲያስተካክል ነው። ሆኖም የስበት ማዕከል የግድ በአካሉ ውስጥ መገኘት የለበትም፤ የቀለበት ማዕከል ባዶ ቦታ ላይ እንደሚውል ሁሉ፣ የተለጠጠ ጀርባም ማዕከሉን ከአካሉ ውጭ ያደርገዋል። አሜሪካዊው የከፍታ ዘላይ ዲክ ፎስበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ በጀርባው ዘልሎ 2.24 ሜትር በማለፍ ወርቅ ያገኘበት ስልት ከዚህ ይጠቀማል፤ ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር በየተራ ከአግዳሚው በላይ ሲያልፉ የስበት ማዕከሉ ከአግዳሚው በታች ሊያልፍ ይችላል። በመማሪያ መጻሕፍት ለርቀት ተመራጭ የሚባለው የ45 ዲግሪ የመነሻ ማዕዘንም በሜዳ ላይ እምብዛም አይሠራም። የአሎሎ ወርዋሪ አሎሎውን የሚለቀው ከትከሻው በላይ ስለሆነና ወደ ላይ ባቀና ቁጥር ጉልበቱ ስለሚቀንስ በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በታች ይወረውራል፤ የርዝመት ዘላይ ደግሞ የሩጫ ፍጥነቱን ላለማጣት 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይነሳል።

ሽክርክሪትም እንዲሁ ከመሬት ተይዞ የሚሄድ ሀብት ነው። ጂምናስት አየር ላይ እግሮቹን አጥፎ ወደ ደረቱ ሲሰበስብ የሚፈጥነው አዲስ ግፊት አግኝቶ ሳይሆን ክብደቱ ወደ መዞሪያው ዘንግ ስለተጠጋ ነው፤ ሲዘረጋ መልሶ ይዘገያል።

በማረፍ ጊዜ ወሳኙ አካል የሚቆምበት ርቀት ነው። ሰውነቱ 1 ሜትር ወርዶ መሬት የነካ ሰው በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ጉልበት የክብደቱን 21 እጥፍ ይሆናል፤ እግሮቹን አጥፎ በ50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ወደ 3 እጥፍ ይወርዳል። የከፍታ ዝላይ ፍራሽና የርዝመት ዝላይ አሸዋ ይህንኑ ርቀት የሚጨምሩ ናቸው።

አየር የሚፈጥረው መከላከል ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መከላከሉ 4 እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚጠየቀው አቅም ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኞች ከፊታቸው ያለው አየሩን እንዲከፍትላቸው ተከታትለው የሚጋልቡት ለዚህ ነው። በእኩል ይዘት ሲለካ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብደው ውኃ ግን ዋናተኛውን በሁለት በኩል ይይዘዋል፤ መዳፉ የሚገፋውም እሱኑ፣ ደረቱን የሚያግደውም እሱኑ ነው። ዳሌው ቢሰምጥ ለውኃው የሚያቀርበው ገጽ ይሰፋል፤ ስለዚህ አሠልጣኞች ከክንድ ብርታት አስቀድመው ሰውነትን ከውኃው ገጽ ጋር አግድም ማስተኛትን ያስተምራሉ።