ስለ ፋይበር ኦፕቲክ ኔትወርክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መረጃን በብርሃን መልክ በቀጭን የብርጭቆ ክር የሚያስተላልፈው የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ከመሬት በታች ተቀብሮ ስለሚኖር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሲቆረጥ ብቻ ነው። አንድ ኤክስካቫተር መንገድ ዳር ይቆፍራል፤ በዚያው ቅጽበት የባንክ አገልግሎት ይቆማል፣ ስልክ እንቢ ይላል፣ ቆየት ብሎም «ፋይበር ተቆርጦ ነው» የሚል አጭር ማብራሪያ ይሰማል። ስለዚህ ቴክኖሎጂ የሚነገሩት ስሕተቶች በአብዛኛው ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሰው የሚያስበው ስለ ብርጭቆው ክር እንጂ ክሩ ስለሚያልፍበት መንገድ አይደለም። ትልቅ ኔትወርክ ግን የሚጸናውም የሚወድቀውም በመንገዱ ነው።

«ከውጭ አገር ጋር የምንገናኘው በሳተላይት ነው»

በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚጓዘው በባሕር ሥር በተዘረጉ ኬብሎች ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የእሷ ፋይበር በየብስ ወደ ጎረቤት አገሮች ተጉዞ ከእነዚህ ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ ዋነኛዋ መውጫም ጂቡቲ ናት። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ሱዳን የሚዘልቀው ኢአሲ የተባለው ኬብል እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ሲጀምር ጂቡቲ አንዷ ማረፊያው ነበረች።

ልዩነቱ በርቀት ይገለጻል። ባለበት ቆሞ የሚታየው የጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገኝ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ የ1,000 ኪሎ ሜትር መንገድ ደርሶ መልሱ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዲሶቹ ሳተላይቶች መዘግየቱን በእጅጉ ቀንሰውታል፤ መስመር ላልደረሰበት ገጠርም ትልቅ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ መረጃውን የሚያወርዱት ከፋይበር ጋር በተገናኘ የምድር ጣቢያ ላይ ነው።

«ወጪ የሚበዛው በኬብሉ ላይ ነው»

ብርጭቆው ርካሽ ነው። አንዷ ፋይበር 125 ማይክሮ ሜትር ውፍረት አላት፤ ከፀጉር ብዙም አትበልጥም። ገንዘቡ የሚሄደው ለቁፋሮ፣ ለቱቦ፣ ለማንሆል (ኬብሉ ለሚጠገንበት ጉድጓድ)፣ ለካሳ፣ ለፈቃድ፣ የተቆፈረውን አስፋልት መልሶ ለመሥራት ነው። ድንጋያማ መሬት ሲያጋጥም ወጪውም ጊዜውም ይንራል። 12 ፋይበር የሚበቃው መሥሪያ ቤት 96 ወይም 144 የሚቀብረውም ለዚህ ነው፤ ቦዩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የተጨማሪው ፋይበር ዋጋ ከቁፋሮው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ጭራሽ ሳይቆፍሩ መዘርጋትም ይቻላል። በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ መብረቅን ለመከላከል የሚዘረጋው ሽቦ መካከሉ ላይ ፋይበር እንዲይዝ ሆኖ ይመረታል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በዚህ መንገድ የዘረጋውን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል። እኔ በበኩሌ መንገድ የሚሠራ፣ ውኃ የሚዘረጋ፣ ኤሌክትሪክ የሚቀብር ማንኛውም ተቋም በዚያው ቦይ ውስጥ ባዶ ቱቦ ሳይጥል አፈር እንዳይመልስ በሕግ መገደድ አለበት ባይ ነኝ። በዛሬ ቸልተኝነት ያልተቀበረ ቱቦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አስፋልት ያስቆርጣል፤ የሚከፍለውም ሕዝቡ ነው።

«ፍጥነት ለመጨመር አዲስ ኬብል መቅበር ግድ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1966 ተመራማሪው ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር ባወጡት ጥናት፣ ብርጭቆ በበቂ ሁኔታ ከቆሻሻ ከጠራ ለመገናኛ መዋል እንደሚችል አሳዩ። ግባቸው ከ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከገባው ብርሃን 1 በመቶው እንዲተርፍ ማድረግ ነበር። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1970 ከዚህ ግብ አለፉ። ዛሬ በሚመረተው ፋይበር ያው 1 በመቶ የሚተርፈው ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ነው። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም በዚህ ሥራ ነው።

ይህ ጥራት ከተገኘ በኋላ ዕድገቱ የመጣው ጫፍና ጫፍ ላይ ከሚቀመጡት መሣሪያዎች ነው። በአንዲት ፋይበር ውስጥ የተለያየ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሰማንያና ከዚያ በላይ የብርሃን ጨረሮች ሳይደባለቁ አብረው ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸውም 100 ወይም 400 ጊጋቢት በሰከንድ ይሸከማሉ። አቅም ሲያንስ በሁለቱ ጫፍ ያለውን፣ ብርሃኑን የሚልክና የሚቀበል ካርድ መቀየር ወይም መጨመር ይበቃል። ከ20 ዓመት በፊት የተቀበረ ጤናማ ፋይበር ያኔ ያልታሰበ አቅም ዛሬ ሊሸከም የሚችለው ለዚህ ነው። በ1988 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው የፋይበር ኬብል ታት-8 የተነደፈው ለ40,000 የስልክ ጥሪዎች ያህል ነበር፤ በ2017 ተዘርግቶ ያለቀው ማሪያ የተባለው ኬብል ደግሞ በሰከንድ 160 ቴራቢት (160,000 ጊጋቢት) እንዲሸከም ታቅዶ ነው።

«ሁለት መስመር ካለን ስጋት የለብንም»

ከሁሉም ስሕተቶች አደገኛው ይህ ነው። በወረቀት ላይ ሁለት የሆነ መስመር መሬት ላይ አንድ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሃዋርድ ስትሪት በተባለው የባቡር ዋሻ ውስጥ የጭነት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ተቃጠለ። የተለያዩ የቴሌኮም ኩባንያዎች ኬብል በዚያው ዋሻ ያልፍ ስለነበር እሳቱ ያገኘው የአንዱን ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 2024 በኮትዲቯር ከአቢጃን ፊት ለፊት ባለው ባሕር ዋክስ፣ ሜይንዋን፣ ኤሲኢ እና ሳት-3 የተባሉት አራት ኬብሎች በአንድ ቀን ተጎዱ፤ ምክንያቱም የባሕር ወለል መናድ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገለጸ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በቀይ ባሕር በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፤ ተመትታ መልሕቋን እየጎተተች የተንሳፈፈችው ሩቢማር የተባለች መርከብ ሳትቆርጣቸው አልቀረችም። ከእነሱ አንዱ፣ ኤኤኢ-1፣ ጂቡቲ ላይም የሚያርፍ ነው። በእነዚህ አጋጣሚዎች የኬብሉ ቁጥር ብዙ ነበር፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነበር።

በሚገባ የተሠራ ኔትወርክ በቀለበት መልክ ይዘረጋል። በአንድ ወገን ሲቆረጥ መረጃው በሌላው ዞሮ ይደርሳል፤ መሣሪያዎቹም ይህንን ለውጥ ከ50 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቀለበቱ ግን ቀለበት የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድልድይ፣ በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ምሰሶ ካልተገናኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ድርጅቶች መስመር የገዛ ባንክ ወይም ሆስፒታል ውሉ ሁለት በመሆኑ መርካት የለበትም። አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ሦስተኛ ወገን ፋይበር ተከራይተው ሊሆን ይችላልና መስመሮቹ የሚያልፉበትን ካርታ ከግቢው በር ጀምሮ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አለበት።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሻርክ የሚወራውንም እናንሣ። ሻርክ የባሕር ኬብል ነክሶ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ጉዳቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚደርሱት ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ የባሕር ኬብል ብልሽቶች አብዛኞቹ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያና የመርከብ መልሕቅ የሚያደርሷቸው ናቸው።

«የተቆረጠ ፋይበር ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ለምን ይቆያል?»

መጀመሪያ የተቆረጠበትን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። ባለሙያው ኦቲዲአር በተባለ መሣሪያ ብርሃን ልኮ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ በመለካት «ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ላይ ተቆርጧል» ሊል ይችላል። ችግሩ መሣሪያው የሚለካው የብርጭቆውን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አለመሆኑ ነው። በየማንሆሉ ለጥገና ተብሎ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትርፍ ኬብል አለ፤ ኬብሉም በቱቦው ውስጥ ይጠማዘዛል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በካርታው ላይ ካልተመዘገቡ ቡድኑ ከትክክለኛው ቦታ መቶ ሜትሮች ርቆ ሊቆፍር ይችላል። ኬብሉ ሲቀበር የተጻፈ ትክክለኛ መዝገብ የጥገናውን ሰዓታት የሚያሳጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ግንባታው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚዘነጋውም ይኸው መዝገብ መሆኑ ያሳዝናል።

ቦታው ከተገኘም በኋላ ኤክስካቫተር የጎተተው ኬብል ከሚታየው ቁስል ወዲያና ወዲህ ሊጎዳ ስለሚችል የተጎዳው ክፍል በሙሉ ተቆርጦ ይወጣል። በምትኩ አዲስ ኬብል ይገባል፤ ስለዚህ መገጣጠሚያው በሁለት ቦታ ይሆናል። 96 ፋይበር ያለው ኬብል 192 መገጣጠሚያ ይፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዷ ፋይበር ተልጣ፣ በአልኮል ተጠርጋ፣ ጫፏ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከጓደኛዋ ጋር ትቀልጣለች። የማዕከሏ ስፋት 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ አቧራ ይበቃታል። ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማው ከብርቱካናማ ካልተገጠመ የአንዱ ደንበኛ መስመር ሌላው ዘንድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ጭቃ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። እነዚህ ባለሙያዎች ከሚያገኙት የበለጠ ክብር ይገባቸዋል።

«ኬብሉ ውስጥ የሚሸጥ መዳብ አለ»

ፋይበሩ ብርጭቆ ነው፤ ለመዳብ ሌባ ምንም አያስገኝም። የዚህ እምነት ጉዳት ግን እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጆርጂያ አንዲት አዛውንት መዳብ ፍለጋ ሲቆፍሩ ዋና ፋይበር ቆርጠው፣ ጎረቤት አገር አርሜኒያ ለሰዓታት ከኢንተርኔት ውጪ ሆነች። በአካባቢው ያለው መስመር ፋይበር እንደሆነ ለነዋሪው ማስረዳት ከጥበቃ ሥራው አንዱ ክፍል መሆን ይኖርበታል።

የተቆረጠ ጫፍ ወድቆ ብታገኙ ብርሃን አይታይበትም ብላችሁ ዓይናችሁን አታስጠጉ። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ለዓይን የማይታይ ታህተ ቀይ ጨረር ነው፤ ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ስባሪው ብርጭቆም ቆዳ ውስጥ ገብቶ ለማውጣት ያስቸግራል፤ ሕፃናትን አርቁ።

«ፋይበር በብርሃን ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ አይፈልግም»

በረጅም መስመር ላይ በየ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ ብርሃኑን የሚያጎለብቱ ማጉያዎች አሉ፤ ለእነሱ ኤሌክትሪክ፣ ባትሪ፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ ያስፈልጋል። በባሕር ሥር ላሉት ማጉያዎች ኃይል የሚላከው፣ ከየብሱ በተለየ በባሕር ኬብሉ ውስጥ ባለው መዳብ በኩል ከየብስ ነው፤ በረጅሞቹ መስመሮች ላይ እስከ 10,000 ቮልት ይደርሳል።

ከተማ ውስጥ ወደየቤቱ የሚገባው ፋይበር ሌላ ዓይነት ነው። አንዲት ፋይበር ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትከፋፈላለች፤ ስለዚህ መስመሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ አቅሙን ጎረቤት ይጋራዋል። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የፋይበሩ ሳጥን ግን የቤቱን መብራት ይፈልጋል፤ ለእሱና ለዋይፋዩ የምትሆን ትንሽ ባትሪ መግዛት ብዙ ብስጭት ታስቀራለች። አገልግሎት ሲቋረጥ ሳጥኑን እዩት። መብራቶቹ በሙሉ ከጠፉ ችግሩ የኤሌክትሪክ ወይም የሳጥኑ ነው። ኤልኦኤስ (LOS) በሚለው ምልክት አጠገብ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፤ ለጥገና ስትደውሉ መጀመሪያ ይህንን ንገሯቸው።