የወተት ላም ውርስና አያያዝ በመሃል አዲስ አበባ

በጉለሌና በሾላ አካባቢ ባሉ አሮጌ ግቢዎች፣ ከቤት ጀርባ ሁለትና ሦስት ላም ማርባት የቆየ ልማድ ነው። አብዛኞቹ ሆልስቲን ፍሪዥያን ከቦረናና ከሌሎች አገር በቀል ዝርያዎች ጋር ተዳቅሎ የተገኙ ናቸው፤ ሰው በደፈናው «የፈረንጅ ላም» ይላቸዋል። ዘመናዊ የወተት እርባታም ከሾላ ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በእርዳታ በገቡ 300 ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ተጀመረ።

ጊደር ገዢ አስቀድሞ «የእናቷ ወተት ስንት ነው?» ይላል። ጥያቄው ጎደሎ ነው። ጥጃ ከአባቷም እኩል ትወርሳለች፤ ኮርማ ስለማይታለብ ግን ችሎታው የሚታወቀው በሴት ልጆቹ ወተት ነው። ለማዳቀያ የሚውለው አባላዘር፣ ማለትም የኮርማው የዘር ፈሳሽ፣ የኮርማው መለያ ተጽፎበት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ይቀመጣል። ያን መለያ ያልመዘገበ ባለ ላም ጊደሯን ሳያውቅ በገዛ አባቷ ዘር ሊያስጠቃት (ሊያዳቅላት) ይችላል። ድቅልን ከድቅል ሲያዳቅሉም በመጀመሪያው ትውልድ ድቅሎች የታየው ብርታት በልጆቻቸው ይቀንሳል።

የእናቷ ወተት ራሱ የሚያሳስት ነው። አንዲት ላም በአንድ በረት ካሉ ጓደኞቿ በቀን 10 ሊትር አብልጣ ብትታለብ፣ ከብልጫው በውርስ የሚቆጠረው 3 ሊትር ያህል ነው፤ የወተት መጠን የውርስ ድርሻ ከ25 እስከ 35 በመቶ ይገመታልና። ከዚያም ለልጇ የሚደርሰው ግማሹ፣ 1.5 ሊትር ነው። ለዚያ ብሎ ዋጋ እጥፍ መክፈል አያዋጣም።

የቀረው በአብዛኛው አያያዝ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፍሪዥያንን የሚጎዳው ሙቀት እዚህ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው መኖ ነው። ግጦሽ ስለሌለ ጭዱም፣ ፉርሽካውም፣ የኑግ ፋጉሎውም ይገዛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ 87 በመቶው ውሃ የሆነ ወተት ከየት ይመጣል? ምርጥ ዘር ያላትን ላም በጭድ ብቻ ማኖር «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ወተት ገዢ ሲያጣ ፉርሽካ የሚቀንስም አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ቢጨምርላትም ላሟ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ መጠኗ አትመለስም።

የእናት ድርሻ በዘር ብቻ አያበቃም። ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ካልነጠፈች (መታለቧ ካልቆመ) ቀጣዩ ወተቷ ያንሳል። ጥጃዋም በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠጣች በሽታ የመከላከል አቅም አታገኝም፤ እንገር ለጎረቤት ማካፈል ደግ ልማድ ቢሆንም ተራው ከጥጃዋ ቀጥሎ ነው። ተዳክማ ያደገች ጊደር፣ አባቷ የቱንም ያህል ምርጥ ኮርማ ቢሆን፣ ዘግይታ ትጠቃለች፤ የመጀመሪያ ወተቷም ያንሳል።