አህሉ ሱና ወልጀማዓ ምንድን ነው?

«በሶማሊያ ሱኒው አህሉ ሱና አልሸባብን እየተዋጋ ነው» የሚል ትንታኔ በተደጋጋሚ ይሰማል። ሰሚው አልሸባብን ሺዓ አድርጎ ይረዳዋል። ስህተት ነው፤ አልሸባብም ሱኒ ነው።

«አህሉ ሱና ወልጀማዓ» የሚለው ስም በቁሙ የነቢዩን ፈለግና የሙስሊሙን ኅብረት የያዙ ሰዎች ማለት ነው። የአንድ ወገን ንብረት አይደለም። ሰለፊውም (ወደ መጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ልማድ እንመለስ የሚለው)፣ ሱፊውም (በሸኽና በዝክር የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድን የሚከተለው) «አህሉ ሱና እኔ ነኝ» ይላል፤ በእኛም አገር ክርክር ሁለቱም ይጠሩበታል። ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጩ ሁሉ «ለጋ ነው» ይላል። ሁለት ሻጮች ቢጣሉ ለጋና በሳል ቅቤ ተጣሉ አይባልም፤ ጠቡ ለጋው የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ገዢው ቅቤውን የሚያውቀው ሲያነጥረው እንጂ ሻጩ ሲጠራው አይደለም። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፦ አጭበርባሪ ሻጭ የደባለቀውን ያውቃል፤ እነዚህ ግን ሁለቱም የሚሉትን ከልባቸው ያምኑበታል።

ሲነጠር የሚገኘው ይህ ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የሶማሊያ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የተመሠረተው አል ኢትሓድ የተባለውን የሰለፊ ቡድን ለመቋቋም ነው። መሠረቱ እንደ ቃዲሪያ ያሉ የሱፊ ጠሪቃዎች (የሱፊ ማኅበሮች) ናቸው፤ መውሊድ ያከብራሉ፣ የወልዮችን መቃብር ይዘይራሉ። አልሸባብ ይህን ሽርክ፣ ማለትም በአላህ ላይ ማጋራት ይለዋል። በ2008 የሸኾችን መቃብር ማፍረስ ሲጀምር ድርጅቱ መሣሪያ አነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ የመካከለኛው ሶማሊያ ከተሞችን ጉሪኤልንና ዱሳማሬብን ያዘ። የኢትዮጵያም ድጋፍ ነበረው፤ በመጋቢት 2010 ከሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጋር የተፈራረመው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሱፊ ስለሆነ ሰላማዊ ነው» የሚለው ሌላው ስህተት ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ታጣቂን ከጥያቄ ያስመልጣልና። የቃዲሪያውን ታላቅ ሸኽ ኡወይስን በ1909 የገደሉት የሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ተከታዮች ናቸው፤ ሰይዱ ደግሞ የሷሊሒያ ጠሪቃ ሰው፣ ማለትም ራሱ ሱፊ ነበር። ሰለፊዎቹም እርስ በርስ ተዋግተዋል፦ አልሸባብና ሒዝቡል ኢስላም የተባለው ሌላ ታጣቂ ቡድን በጥቅምት 2009 ኪስማዮ ላይ የተታኮሱት ወደቧን ማን ያስተዳድር ብለው ነው።

ጎሳን የዘለለ ትንታኔም ጎዶሎ ነው። አህሉ ሱና የበረታው በመካከለኛው ሶማሊያ ባለው የጋልሙዱግ ክልል ነው፤ ተዋጊው ከዚያው ጎሳዎች የወጣ፣ ከተማውን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ዱሳማሬብን በ2015 የነጠቀው ከመንግሥት ኃይሎች እጅ ነበር። በየካቲት 2020 እዚያው ከተማ ከፌዴራሉ ጦር ጋር ተዋጋ፤ ጠቡ የክልሉ ሥልጣን ነበር። በጥቅምት 2021 ጉሪኤል ላይ እንደገና ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቷል። የሸኾቹን መቃብር ያፈረሰው አልሸባብ በእነዚህ ውጊያዎች ተፋላሚ አልነበረም።