ኑዛዜ በኢትዮጵያ፦ ከወጣትነት እስከ እርጅና

ኑዛዜ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የነፍስ አባት ተጠርተው ነው። ልማዱ የቆየና የተከበረ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜ የሚናገር ክፍል አለው። ዛሬ የሚሠራበት ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የረቀቀው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆን፣ ሴትና ወንድ ልጅን፣ በጋብቻና ያለ ጋብቻ የተወለደን እኩል ወራሽ አድርጓል። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሙስሊሞች፣ ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከተስማሙ፣ የውርስ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ።

ለመናዘዝ ማርጀት አያስፈልግም። 16 ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ መናዘዝ ይችላል። ሞግዚቱ ግን በእሱ ስም መናዘዝ አይችልም። ገና ንብረት ያላፈራ ወጣት ጉዳዩን ቢያቆየው ብዙ አይጎዳም።

ነገሩ የሚከብደው ከጋብቻ በኋላ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠራው ልጆችን ነው። ልጅ ከሌለ የሟች አባትና እናት ይወርሳሉ። ባል ወይም ሚስት ከወራሾቹ ተርታ የለችም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው፤ የሟች ግማሽ ግን ለወራሾቹ ይሄዳል። ልጅ ሳይወልዱ ባሏ የሞተባት ሴት የኖረችበትን ቤት ከአማቶቿ ጋር የምትካፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባለትዳሮች ሠርጉ እንዳለፈ ቢናዘዙ ይበጃል። ግን ለየብቻ ይጻፉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ አብረው ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም።

ልጅ ሲወለድ ኑዛዜው እንደገና ይታይ። ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ከተቀበለ በፊት የተሰጡት ስጦታዎች ይፈርሳሉ፤ ፍርድ ቤት በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናቸው ቢችልም። ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት መምረጫውም ኑዛዜ ነው። ፍቺ ከመጣ ደግሞ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተናዘዙት ይቀራል።

አጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ከዳር እስከ ዳር በእሱ ጽሕፈት መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየወረቀቱም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ተናዛዡና 4 ምስክሮች ባሉበት ተነቦ ወዲያው ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ በፍርድ ቤት የሚወድቀው በዚህ ፎርም ጉድለት ይመስላል።

መሬት የግል ንብረት ስላልሆነ አይወረስም፤ የገጠር ይዞታ መብት ግን በየክልሉ ሕግ መሠረት ይተላለፋል።

እርጅናና ሕመም እስኪመጣ የጠበቀ ሰው የሚተርፈው የቃል ኑዛዜ ሊሆን ይችላል። ሞት መቃረቡ ለተሰማው ሰው 2 ምስክሮች ይበቁታል። አቅሙ ግን ትንሽ ነው። ስለ ቀብር ማዘዝ፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት ማዘጋጀት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መስጠት፤ በቃ። ያ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ቤትም መኪናም አያሻግርም። ተናዛዡ ተሽሎት 3 ወር ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ራሱ ይቀራል።