ትርፍ ጊዜ ሁሉ ትርፍ ማምጣት አለበት እንዴ?

ጅማ ላይ ከሥራ መልስ ዳንቴሏን ይዛ በረንዳ ላይ የምትቀመጥ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች። በዚያው ሰዓት ካራምቡላ ቤት የገባው ጎረቤቷ ደግሞ ሥራ ፈት ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታ» እየተባለ ባደግንበት አገር ይሄ ፍርድ አይገርምም። ግን ከጀርባው ያሉት ሐሳቦች ሲፈተሹ ብዙም አይቆሙም።

«የሚጨበጥ ነገር ካልወጣው ጊዜው ባከነ»

ታዲያ ቡናችንን ምን ልንለው ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሰዓቱ ይጋመሳል። ከረከቦቱ ላይ የሚሸጥ ነገር አይነሳም፤ ግን ባከነ የሚል የለም። ዛቢነ ዞነንታግ እና ሻርሎት ፍሪትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከሥራ ድካም ለማገገም የሚረዱ 4 ነገሮችን ለይተዋል፦ ሐሳብን ከሥራ ማላቀቅ፣ ዘና ማለት፣ አዲስ ነገር መልመድ እና በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ። ምርት ከአራቱ ውስጥ የለም። ዳንቴሉም ካራምቡላውም እነዚህን ሊሰጡ ይችላሉ።

«ጎበዝ ከሆንክበት ሽጠው»

በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ደስ እንዲለው ከዋንዛ በርጩማ ይጠርባል እንበል። ያየው ሁሉ «ለምን አትሸጠውም?» ይለዋል። መሸጥ ሲጀምር ደንበኛ ይመጣል፣ ቀጠሮ ይመጣል፣ «ትንሽ ቀንስልኝ» ይመጣል። ቅዳሜው አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ወሰደ። ሽልማት እንዳለው አስቀድሞ ተነግሯቸው የሣሉት፣ በኋላ ነፃ ሲለቀቁ የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ላይ ግን ይሄ አልታየም። በርጩማ ጠራቢ ሕፃን አይደለም፤ ቢሆንም ነገሩ ያሳስባል።

አትሽጡ ማለቴ አይደለም። በዚህ ኑሮ ውድነት ተጨማሪ ገቢ ያስፈለገው ሰው ይሽጥ እንጂ! ግን ያ ሁለተኛ ሥራው ሆኗል። እረፍቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

«ጨዋታ ጭንቅላት አያሠራም»

ገበጣ ተጫውቶ የተሸነፈ ይፍረድ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸውን 469 ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ማንበብ፣ የገበታ ጨዋታ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትና ዳንስ የሚያዘወትሩት ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጨዋታው አዳናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መጀመሪያውኑ ጤናማ የሆነ ሰው ይበልጥ ይጫወት ይሆናል።

«መዝናናት ከሆነ ሁሉም ያው ነው»

ይሄኛው ለጨዋታ የምንከራከር ሰዎች ስህተት ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ የጨፈረ ደጋፊ ኪሱ ውስጥ የገባለት ነገር የለም። የወጣበትም ከቲኬትና ከለስላሳ አያልፍም። ቤቲንግ ግን የቤት ኪራይ ይበላል፤ የከሰረውን ለማስመለስ ነገ ድጋሚ ያስመድባል። እዚያ ውስጥ በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ የሚባል ነገር የለም። «እኔ እኮ ለመዝናናት ነው» የሚለኝን ሰው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የቤቲንግ ቲኬት ሳትቆርጥ 90 ደቂቃ ቁጭ ብለህ ኳስ ያየኸው መቼ ነው?